አንዷ ወንበርና የገደል አፍ ጭላዶች

በአንድ ወቅት፣ ዝናቡ አብቅቶ ገብሱ ለአጨዳ ሲቃረብ፣ ገደል አፍ በምትባል የደጋ መንደር ዘውገ የሚባል ዳኛ ነበር። ዳኛ ሲባል የፍርድ ቤት ዳኛ እንዳይመስላችሁ፤ የእድር ዳኛ ነው። የእድር ዳኛ ማለት ድንኳኑ ለማን ቀድሞ እንደሚሰጥ፣ ለቀስተኛው በየት በኩል እንደሚቀመጥ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ድንጋይ ሲጣሉ ድንጋዩ የት እንደሚመለስ የሚወስን ሰው ነው። ዘውገ ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶታል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዳኛው ተከራካሪዎቹን ሁሉ ይሰማል፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ከዘራውን ባለመብቱ እግር ሥር ይተክላል። አንዴ የተተከለ ከዘራ አይነቀልም። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ዘውገ ከዘራውን ከመትከሉ በፊት ያስላል። ጉንፋን ይዞት አይደለም፣ ለማሰቢያ ጊዜ እንዲያገኝ ነው። የመንደሩ ሰውም ስለሚያውቅ፣ ዳኛው ማሳል ከጀመረ «ገና ነው» ብሎ ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል።

መንደሯ ስሟን ያገኘችው ከቦታዋ ነው። ሜዳው ሄዶ ሄዶ በድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አየር ብቻ ነው። ወንዙ ታች እንደ ወደቀ ክር ይታያል። በገደሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጭላዶች ያድራሉ። እዚህ ላይ ጭላዳን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ተራ ዝንጀሮ ይመስለዋልና። ጭላዳ ሣር በል ነው። ቁጭ ብሎ፣ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ፣ ልክ ምስር እንደምትለቅም ሴት በጥንቃቄ ይበላል። አንዱን ቦታ ሲጨርስ ለመነሳት ስለሚሰንፍ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር ያወርዳል። ማታ አውሬ እንዳያገኘው ገደሉ ላይ ተጣብቆ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የሚኖርበት አገር የለም።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ገብሱ ሲያሽት ግን ጭላዳ ሣሩን ይረሳል። ስለዚህ የገደል አፍ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ጭላዳ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማባረር።

ታዲያ አንድ እሑድ እድሩ በተሰበሰበበት ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። ዘውገ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «በዘላቂ የቱሪዝም ልማት ዙሪያ ባለድርሻ አካላትን ለማሳተፍ የሚያስችል የጎብኚ መስመር ምክር ቤት ስለማቋቋም።» ይህን አንድ መስመር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ።

«ባለድርሻ አካላት እነማን ናቸው?» አለች ሚስቱ ትርንጎ ከሴቶቹ ረድፍ።

ዘውገ አሳለ።

ወንድይፍራው ተነሳ። ወንድይፍራው የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ የፈረንጅ ቋንቋ በሬዲዮና ሽፋን በሌለው መዝገበ ቃላት ራሱን ያስተማረ። አንድ ከጠየቁት ሦስት ያስረዳል።

«ነገሩ የሚነካው ሁሉ ማለት ነው፣ እትዬ ትርንጎ። የሚጠቀመውም፣ የሚጎዳውም። ጎብኚ ሲመጣ ሆቴሉ ይጠቀማል፣ ሾፌሩ ይጠቀማል። ሣሩ ግን ይረገጣል፣ ምንጩ ይቆሽሻል። እነዚህ ሁሉ ሳይጠየቁ ከተወሰነ ነገሩ ሁለት ዓመት አይቆይም። ዘላቂ ማለት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ማለት ነው። ለምሳሌ አንድ ላም ብትወስዱ...»

«ላሚቱን ተዋት» አለ አስናቀ። «የእኔዎቹ ገና ውሃ አልጠጡም።» አስናቀ የገብስ ማሳው ከገደሉ አፋፍ ጋር የሚዋሰን፣ ንግግር የሚቆጥብ፣ ሲናገር ደግሞ ሳያማርር የማይናገር ገበሬ ነው።

ደብዳቤው ይቀጥላል። ምክር ቤቱ አሥራ አንድ ወንበር አለው። አሥሩን የከተማው ሆቴሎች፣ ሾፌሮች፣ አስጎብኚዎችና መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍለውታል። አንዷ ወንበር «ለማኅበረሰቡ» ተብላ ቀርታለች። የምክር ቤቱ የመጀመሪያ አጀንዳ የእንግዳ ማረፊያው የት ይሠራ የሚለው ነው። የከተማው ባለሆቴል አቶ ሰይፉ ማረፊያውን መሰላል ላይ መሥራት ይፈልጋል። መሰላል የሚባለው የገደሉ ጫፍ ነው፤ ጭላዶቹ ጠዋት ወደ ሜዳው የሚወጡበት ብቸኛ መንገድ። መንደሩ ለቤት ክዳን ሦስት ዓመት ዘግቶ የሚያሳድገው የጓሳ ሣርም የሚጀምረው ከዚያው ነው። እዚያ ቤት ከቆመ ጭላዶቹ መውጫ ያጣሉ፣ ሰዉም ክዳኑን ያጣል። አሥሩ ወንበሮች እኩል ተከፍለዋል አሉ፤ አምስቱ ከሰይፉ ጋር፣ አምስቱ በተቃራኒው። እንግዲህ የዚያች የአንዷ ወንበር ነገር ገባችሁ?

የደብዳቤው መጨረሻ እንዲህ ይላል። «ምክር ቤቱ ከውጭ አገር ጎብኚዎች ጋር ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢውን ለመመልከት ይመጣል። ማኅበረሰቡ የሚወክለውን አንድ ሰው ስም መኪናው ለመመለስ ከመነሳቱ በፊት ያስመዘግባል። ካላስመዘገበ ወንበሩን አቶ ሰይፉ ደርበው ይይዛሉ።»

«ሰይፉ ደግሞ የእኛ ሰው የሆነው መቼ ነው?» ብላ ጮኸች ሽታዬ።

«አያቱ እዚህ አንድ ክረምት ከርመዋል ይላል» አለ ዘውገ።

«ከርመው ነው የሄዱት? የእኔ አያት አሁንም እዚሁ ተቀብረዋል!»

ሽታዬ የመንደሩ የገብስ ጠባቂ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማማው ላይ እየዋለች የሁሉንም ማሳ የምትጠብቀው እሷ ናት። ጅራፍ ስታጮኽ ድምፁ ማዶ ገደል ደርሶ ይመለሳል። ጭላዶቹን በመልክ ትለያቸዋለች። የመንጋውን አውራ «ፊታውራሪ» ብላ ስም ያወጣችለትም እሷ ናት፤ ጎፈሩ እስከ ክርኑ ይደርሳል።

ሰዉ ሁሉ ለሐሙስ ሊዘጋጅ ተበተነ። ወንድይፍራው እንግዶቹን ከአስፋልቱ ተቀብሎ ሊያመጣ ረቡዕ ጠዋት ወረደ። እንግዲህ ወንድይፍራው ያን ያህል የሚያስረዳ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አንዷን ዋና ነገር ሳያስረዳ ሄደ። እንግዶቹ ባሕር ተሻግረው የሚመጡት ጭላዳ ለማየት መሆኑን ለማንም አልነገረም። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ገደል አፍ ግን አላወቀችም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያባርረው የኖረውን ነገር ሌላው ሊያየው ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? የመንደሩ ሰው የሚያውቀው እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ነው። ደጅ ይጠረጋል፣ አዛባ ይነሳል፣ ውሻ ይታሰራል። ዘውገም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይህን ሁሉ ሲያዝ ዋለና፣ ውሾቹ ሲታሰሩ ሲያይ አንድ ነገር ትዝ አለው። ባለፈው ዓመት ለክትባት የመጣውን የከብት ሐኪም ፊታውራሪ ቆሎውን ከእጁ ነጥቆት፣ ሐኪሙ የግራ ጫማውን ጥሎ ሮጧል። ጫማው እስከ ዛሬ እድሩ ቤት ተቀምጧል።

«ውሻ አስረን ጭላዳ ልንለቅ ነው?» አለ ዘውገ። «ለወረዳና ለፈረንጅ? አይደረግም!»

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ጭላዶቹ ገና ወደ መሰላል መውጣት ሲጀምሩ፣ የገደል አፍ ወንድና ሴት ገደሉ አፍ ላይ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ወንጭፍ የያዘ ወንጭፉን፣ ጣሳ የያዘ ጣሳውን፣ ከፊት ደግሞ ሽታዬ ጅራፏን። ዘውገ ከዘራውን ወደ ሰማይ ሲያነሳ ሁሉም በአንድ ላይ ጮኸ። ጭላዶቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ፊታውራሪ አንድ ጊዜ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየ፣ ከዚያ ዞረ። መንጋው እንዳለ ወደ ታች ተንዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ገደል ላይ ወጣ።

«ጸዳ!» አለ ዘውገ እጁን እያራገፈ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት መኪና መጣ። ከፊተኛው ምክር ቤቱን ወክለው የወረዳው ኃላፊ አቶ መኳንንትና አቶ ሰይፉ ወረዱ፤ ከኋለኛው ትልልቅ ካሜራ ያንጠለጠሉ አራት ፈረንጆችና ወንድይፍራው። ዘውገ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ እጅ ነሳ። አቶ መኳንንት ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ወደ ሜዳው አየ።

«ጥሩ፣ ጥሩ። ጭላዶቹስ?»

ዘውገ አሳለ። ከዚያ ቆይቶ፣ «ዛሬ ገበያ ነው» አለ።

«ማን ነው ገበያ የሚሄደው?»

ዘውገ እንደገና አሳለ።

ወንድይፍራው ዳኛውን ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። «ጋሼ፣ የት ሄዱ?»

«አባረርናቸዋ! ለእንግዳ ክብር ብለን። ምነው?»

«ጋሼ! ሊያዩ የመጡት እነሱን ነው!»

ዘውገ ዞረ። ማዶ ገደሉን አየ። ከዚህ ሆኖ ሲታዩ ጭላዶቹ እንደ ተበተነ ኑግ ናቸው። አቶ ሰይፉ ደግሞ ከኋላ መጥቶ፣ «ምንም ለሌለበት ቦታ ወንበር ለምን ያስፈልጋል?» አለ ፈገግ ብሎ። ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር አደረጉ።

ሽታዬ ማንንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ጅራፏን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ያወረድኩትን እኔው አወጣዋለሁ» አለችና በፍየል መንገድ ወደ ገደሉ ወረደች። ማዶ ለመድረስ ጠንካራ ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። እሷ ዙሪያውን ሄዳ ከመንጋው ኋላ መውጣት ነበረባት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጭላዳን ከፊቱ ጅራፍ ካሰሙት ይበተናል፣ ከኋላው ቀስ ብለው ካሰሙት ግን ሰብሰብ ብሎ ወደ ለመደው ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ጠባቂ ብቻ ነው። ሽታዬ ናትና፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከማዶ አንድ ጅራፍ ጮኸ። ደግሞ አንድ። ኑጉ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ወንድይፍራው ደግሞ ዘውገ በዓይኑ «ዋሽልኝ» እያለው፣ አልዋሸም። እንግዶቹ ፊት ቆሞ ሁሉንም በቋንቋቸው ነገራቸው። ለክብራችሁ ሲሉ አባረሯቸው፣ እዚህ አገር ለእንግዳ ቤት ይጠረጋል፣ አሁን ሊመልሱ ሄደዋል፣ ጠብቁ አለ። ከፈረንጆቹ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ አራቱም። ዘውገ ምን እንደተባለ ባያውቅም በእሱ እንደተሳቀ ገባው፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ አነሳ። ሳቅ ግን ሰው ሦስት ሰዓት አያቆይም። ወንድይፍራው ሞተሩን አስጠፍቶ ወደ ሜዳው መራቸው። ጅብራ ጋ አቁሞ፣ ይህ ተክል ለዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት አስረዳ። ጦስኝ አሸትቶ አስረዳ። ጓሳው ለምን ሦስት ዓመት እንደሚዘጋ አስረዳ። ማስረዳቱ ሲያልቅበት አራቱን ፈረንጆችና የወረዳውን ኃላፊ ከነክራቫቱ በሆዳቸው አስተኝቶ፣ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጸጥ ብለው እንዲጠብቁ አደረገ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተኙ። ፍልፈሏ ጭንቅላቷን አወጣች፣ አየቻቸው፣ ጥርሷን አሳየች፣ ተመለሰች። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ኃላፊውም አጨበጨበ፤ ሃያ ዓመት በወረዳው ሲሠራ ፍልፈል ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መንጋው ከመሰላል ሥር ደረሰ። ደረሰና ቆመ። የጠዋቱን ጩኸት አልረሱም። ከአፋፉ በታች ባለው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ወደ ላይ ያያሉ፣ አይወጡም። ሽታዬ ከታች ጅራፏን ብታጮኽ ወደ ጎን ይሸሻሉ እንጂ ወደ ላይ አይሉም። ፈረንጆቹ ደግሞ «አሁን መሄድ አለብን፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ማለት ጀምረዋል።

አስናቀ እስከዚያች ሰዓት የማሳው ካብ ላይ ተቀምጦ ሲያማርር ነበር። ያኔ ተነሳ። ማሳው ከመሰላል ጋር ይገናኛል፤ ገብሱ ለአጨዳ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። አስናቀ ካቡን በእጁ አፈረሰ፣ ሁለት ክንድ ያህል ከፈተ። ከዚያ ማሳው መካከል የቆመውን ማስፈራሪያ ነቀለ። ማስፈራሪያው የለበሰው የዘውገን አሮጌ ካፖርት ነው፤ ትርንጎ አምና ሰጥታው። አስናቀ ካፖርቱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወደ ዳኛው መጣ።

«ጋሼ፣ ከዚያ ቦይ ውስጥ ይግቡልኝ።»

«ምን?»

«እርስዎን ሲያዩ አይወጡም። ሙሉ ዓመት በእርስዎ መልክ ነው ያስፈራራኋቸው።»

እንግዲህ የእድሩ ዳኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዘራ የተከለው ሰው፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ውስጥ ተንበረከከ። ትርንጎ በአጠገቡ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ለሐዘን ግን አልነበረም።

መጀመሪያ ፊታውራሪ ወጣ። ማስፈራሪያው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ። የተከፈተውን ካብ አየ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አንድ የገብስ ዘለላ ነጭቶ ቀመሰ። መንጋው ሁሉ ተከተለው። እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው፣ ጎረምሶቹ እየተገፋፉ፣ ሁሉም በቂጣቸው ቁጭ ብለው የአስናቀን ገብስ እንደ ድግስ ተያያዙት። ካሜራው ይጮኻል፣ ፈረንጆቹ ያለቅሳሉ፤ እውነት ነው፣ አንዷ አልቅሳለች። አስናቀ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ቆመ። ሽታዬ ከገደሉ ወጣች፣ ጉልበቷ ደም ሆኖ፣ ጅራፏ ተበጥሶ።

እስኪ አስቡት። ወንድይፍራው ባያቆያቸው እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ሄደው ነበር። ሽታዬ ባትወርድ የሚመጣ ጭላዳ አልነበረም። አስናቀ ካቡን ባያፈርስ ጭላዶቹ ከጠርዙ በታች ቀርተው ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁሉም ከንቱ ነው።

አቶ መኳንንት ከሱሪው ላይ አፈሩን እያራገፈ መዝገቡን አወጣ። «ገደል አፍ በጎብኚ መስመሩ ገብታለች» አለ። እልልታ ሆነ። «አሁን አንድ ስም ስጡኝ። አንድ ብቻ። መዝገቡ ላይ ያለችው መስመር አንዲት ናት።»

ሦስቱም ወደ ፊት ወጡ። ትርንጎ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አምጥታ መሃል አስቀመጠች፤ ነገሩ በዓይን ይታይ ብላ። ዘውገም ከቦዩ ወጥቶ፣ ጉልበቱን ጠርጎ፣ ከዘራውን ይዞ ቆመ።

«ጭላዶቹ የሚያውቁት መሰላልን ነው፣ መሰላልን የማውቀው እኔ ነኝ» አለች ሽታዬ። «ቤት የት ቢሠራ መንገዳቸውን እንደማይዘጋ ድንጋይ በድንጋይ ለምክር ቤቱ እነግራለሁ። ከጠርዙ ላይ ሰው ይወድቃል እንጂ እኔ አልወድቅም።»

«ጠዋት ማን ነበር ያባረራቸው?» አለ ወንድይፍራው። «የመጀመሪያዋ ጅራፍ የአንቺ ናት።»

«ታዝዤ!» አለች ወደ ዘውገ እየጠቆመች። ዘውገ አሳለ።

«እዚያ አሥር ሰው በአንድ ላይ ያወራል» አለ ወንድይፍራው። «ወንበሩ አፍ ይፈልጋል። ደግሞ እውነት የሚናገር አፍ። ዛሬ ብዋሽ ኖሮ እዚህ ቆመን አንከራከርም ነበር። ሰይፉ አንድ ነገር ሲል ሦስት መልስ እሰጠዋለሁ።»

«ችግሩም እሱ ነው» አለ አስናቀ። «አንዱን መልስ ሳትጨርስ ድምፅ ይሰጡበታል። ደግሞ እሑድ ስለ ላም ከምትተርክ፣ 'የሚመጡት ጭላዳ ሊያዩ ነው' ብትል ምን ነበረበት? የእኔ ገብስ ቆሞ ነበር።»

ወንድይፍራው ሽፋን የሌለውን መዝገበ ቃላት ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተ።

«እኔ ሌላ አልልም» አለ አስናቀ። «እነሱ ድካም ነው ያወጡት፤ ድካም በእንቅልፍ ይወጣል። የእኔ የዓመት እንጀራ እዚያ ሆድ ውስጥ ነው። ያጣ ሰው ከተቀመጠ ነው ሌላው የማያጣው።»

«የዓመት?» አለች ሽታዬ። «የታችኛውን ግማሽ እኮ ውርጭ መትቶት ነበር! ማማው ላይ ሆኜ አላየሁም መሰለህ? ደግሞ ባለፈው ሳምንት 'ወንጭፍ ሳይሆን ጥይት ነው የሚያስፈልጋቸው' ያልከው ማን ነው? አንተ ነህ ለጭላዳ የምትናገረው?»

አስናቀ የጠቀለለውን ካፖርት ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ግን ካቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አቶ ሰይፉ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ካልተስማማችሁ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። እኔ ደርቤ እይዘዋለሁ። አያቴም እኮ...»

«አያትዎ ይረፉበት!» አለ መንደሩ በአንድ ድምፅ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አቶ መኳንንት እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ አሳርፎ ቀና አለ። ፊታውራሪ ከገብሱ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ ወደ ሰዎቹ አየ፣ ከዚያ ወደ ዳኛው፣ እንደ ጥርጣሬ ያለ ነገር ፊቱ ላይ ታየ።

ዘውገ አሳለ። እንደገና አሳለ። የመንደሩ ሰው ድንጋይ ፈልጎ መቀመጥ ጀመረ። ዘውገ ግን ዛሬ ማሳል የሚበቃው አልሆነም፤ ጉዳዩ የራሱ ስህተት ነበርና። ሽታዬን ቢመርጥ የታዘዘችለትን መካስ ይመስልበታል። ወንድይፍራውን ቢመርጥ ውሸቱን ያጋለጠበትን ሰው መሸለም ይሆንበታል፤ ቢተወው ደግሞ ቂም ነው ይሉታል። አስናቀን ቢመርጥ ቦይ ውስጥ ያንበረከከውን ፈራ ይባላል። ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ትርንጎ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ጠዋት 'ጸዳ' ስትል ጠይቀኸኝ ነበር?» አለችው።

ዘውገ ከዘራውን አነሳ። መኪናው ወደ ፊት ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሦስቱ ሰዎች፣ አንዷ ጉልበቷ የደማ፣ አንዱ ድምፁ የሰለለ፣ አንዱ ማሳው የተበላ፣ እግራቸውን ገጥመው አፈሩ ላይ ቆሙ። የከዘራው ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። አንዴ ከተተከለ አይነቀልም።

እናንተስ፣ ከዘራው በእጃችሁ ቢሆን፣ መኪናው ሳይነሳ ማን እግር ሥር ትተክሉት ነበር?